ዓይን አይለጠፍም

አጎቴ ከፍኖተ ሰላም ጅጋ በብስክሌት እየተመላለሱ ያስተማሩ መምህር ነበሩ። ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ሳያደርጉ ፔዳል አይረግጡም። «ጎማ ቢተነፍስ ይለጠፋል፤ ዓይን ግን አይለጠፍም» ይሉ ነበር።

በኢሕአዴግ ዘመን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ገጠር ስመደብ ለእኔም መነጽር ገዙልኝ። አንድ ቀን በየብስክሌታችን አብረን ስንጓዝ ግን የጅጋ ገበያ ዳር ስንደርስ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሰው ኮራች ይለኛል፣ አጎቴ።»

ይህን የሰሙ አንድ ሽማግሌ፣ «መምህር፣ እርስዎንስ ለምደነዎታል፤ ልጅቱንም አዘመኗት?» ብለው ሳቁ። ገበያተኛውም ተከትሎ ሳቀ።

አጎቴ ከብስክሌታቸው ወርደው መነጽራቸውን አወለቁ። ለሰው አሳይተውት የማያውቁት ግራ ዓይናቸው ታየ፤ ከነጩ ላይ የበቀለ ሥጋ ብሌኑን ሊሸፍነው ደርሷል።

«ሐኪሙ የዓመታት ፀሐይ፣ ንፋስና አቧራ ነው ያመጣብህ ብሎኛል» አሉ። «እኔን በጊዜ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እሷን ግን እኔ ነግሬያታለሁ።»

ሳቁ ቆመ። እኔም መነጽሬን አውጥቼ አደረግሁ። ያን ያህል ኩሩ ሰው የደበቁትን ጉዳት ለእኔ ሲሉ በገበያ መካከል መግለጣቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አጎቴ ባረፉ በሁለተኛው ወር ቡሬ ሄጄ ዓይኔን ተመረመርኩ። ሐኪሟ «ምንም የለበትም» አለችኝ። ደስ ብሎኝ በቀጥታ አጎቴ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍቼ «አጎቴ!» ብዬ ከተጣራሁ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

ባለቤታቸው ከጓዳ ወጥተው እጄን ያዙኝ።

«ንገሪኝ ልጄ» አሉ። «እኔ ልስማላቸው።»