የጤናዬ ቤት በአዳራሽ ውስጥ

ያ አዳራሽ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሞበታል። በ2002 ዓ.ም. ግንቦት ግን፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ፀደንያ በሩን ከፍታ ስትገባ ዐይኗ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ንድፎች ላይ አልነበረም፤ አዳራሹ መካከል በቆመው የጭቃ ቤት በር ላይ እንጂ። ደጋግማ ገባች፤ ደጋግማ ወጣች። ምርጊቱን ዳሰሰች፤ ደርቋል። ደፉ ላይ ያልነበረ አቧራ ጠረገች።

«አይወድቅም፣ አትፍሪ» አላት አበረ፣ ወንበር እየደረደረ። ሁለቱም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የሕንጻ ንድፍ ያስተምራሉ። «ሸክላ ሠሪው አንሙት የማገረው ቤት እንኳን ሰው ዝሆን ቢደገፈው አይነቃነቅም።»

«ይወድቃል ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ የሚያንቆራጥጥሽ?»

«የሚገባ ሰው ቢጠፋስ?»

አበረ የያዘውን ወንበር አስቀምጦ ወደ ቤቱ በር አየ።

ቤቱ የሸክላ ሠሪዋ የወይዘሮ ጤናዬ ቤት አምሳያ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከወንዙ ማዶ መጥተው፣ እንጨቱን አቁመው፣ ጭቃውን መርገው፣ በልኩ ሠርተውታል። ያ ሰፈራቸው በከተማው አዲስ ፕላን ላይ ባዶ መሬት ተብሎ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ፀደንያ ፕላኑን ያየች ዕለት ነው ዐውደ ርእዩን ያሰበችው፦ ቤቶቹን ለክታ፣ ነድፋ፣ አንዱን በቁሙ አምጥታ፣ የከተማውን ሰው ከባለቤቶቹ ጋር ፊት ለፊት ልታነጋግር። ሐሳቡ ሐሳብ ሳለ ያምር ነበር። ግን ብዙው ሰው ከሸክላ ሠሪ ምጣድ ይገዛል እንጂ ቤቱ አይገባም፤ ገንቦውን ይወስዳል እንጂ እህሉን አይቀምስም። ቡዳ የሚለውን ቃል የተማረ ሰው ከአፉ አውጥቶት ይሆናል፤ ከእግሩ ግን አላወጣውም።

ከፀደንያም አልወጣም ነበር። ሉማሜ ያደገች ልጅ ናት። እናቷ ደብሪቱ ምጣድ ልትገዛ ገበያ ስትልካት፣ «ውኃ ቢሰጡሽ እንኳ እንዳትጠጪ» ትላት ነበር። አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ተመርቃ፣ በዚያ ምክር ስቃለች። ሆኖም ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ ያንን ሰፈር ልትለካ የምትሄደው ረቡዕና ዓርብ ብቻ፣ ያውም በጠዋት ነበር። ጤናዬ ዳቦ ቆርሰው ሲያቀርቡላት «ጾም ነኝ፣ እትዬ ጤናዬ» ትላለች። ውሸት አልነበረም፤ ትጾም ነበር። ቀኖቹን ለምን እንደመረጠቻቸው ግን ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ከፋሲካ ማግስት በነበረው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሜትሯን ጠቅልላ ስትነሣ ጤናዬ እንደ ወትሮው ዳቦውን ዘረጉላት። አፏም እንደለመደው «ጾም ነኝ» አለ።

የጤናዬ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«በሃምሳው?» አሉ።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም ሕፃን ያውቀዋል። የፀደንያ ፊት እንደ እሳት ነደደ።

«እኛም እኮ የተጠመቅን ነን፣ ልጄ። ጾምና ፍስክ እንለያለን።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻላት ነበር። ዳቦውን መሶቡ ውስጥ መልሰው ከደኑት። «ቤቴን አዳራሽ ውስጥ አቁሚው ብያለሁ፤ ከቃሌ አልወጣም። እዚህ በደጄ ሲያልፉኝ ለምጄዋለሁ። አደባባይ አውጥተሽ ግን እንዳታዋርጂኝ። ከተማው ሁሉ ደጄ ላይ ቆሞ አንድ የሚገባ ከጠፋ፣ በምን ዐይኔ ወንዙን ተሻግሬ እመለሳለሁ?»

ይህ ቃል ነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀደንያን እንቅልፍ የነሳት።

ረፋዱ ላይ እንግዶቹ መጡ፦ የዕድር ሽማግሌዎች፣ መምህራን፣ ካህናት፣ ፕላኑን ከሠራው መሥሪያ ቤት የመጡት ኃላፊ አቶ ፈንታም። ጤናዬ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው የክብር እንግዳ ሆነው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንሿ መሶባቸው እግራቸው ሥር ናት። ሰዉ ቤቱን እንደ ቤተ ክርስቲያን ይዞረው ጀመር። «ምርጊቱን እዩልኝ!» አለ አንዱ። ሌላው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ቀስ ይላሉ፤ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ ያያሉ፤ ያልፋሉ። ፀደንያ ወደ ጤናዬ ላለማየት ወለሉን ታያለች።

በመጨረሻ ከዲማ የመጡት የቅኔ መምህር፣ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ደጁ ላይ ቆሙ።

«ቤቶች!» ብለው ተጣሩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ቤቶች! ኧረ ይሄ ቤት ባለቤት የለውም? ይግቡ ሳልባል ዘው ልበል? ምን፣ ሌባ ነኝ?»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ውስጥ እፎይታ ነበረ፤ ፀደንያ ሰማችው። ሁሉም ላለመግባቱ ምክንያት አገኘ። ምክንያቱን የሰጠቻቸው ደግሞ ራሷ ናት፤ ባለቤቲቱን እንግዳ አድርጋ ወንበር ላይ አስቀምጣ ቤቱን ኦና አስቀርታዋለች።

ጤናዬ ተነሡ። መሶባቸውን አንሥተው፣ በሰዉ መካከል አልፈው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ድምፃቸው ከውስጥ መጣ፦

«ማነው? ይግቡ!»

አሁን ምክንያት አልቀረም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ፀደንያ ተራመደች፤ ጎንበስ ብላ ደፉን አለፈች።

ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ጤናዬ መደቡ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ቆርሰው ዘረጉላት።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አሏት፣ ቀስ ብለው።

«ሃምሳው ነው» አለች፤ ተቀብላ ጎረሰች። የእናቷ ድምፅ ከሉማሜ ገበያ ድረስ መጥቶ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። ጤናዬ ጉሮሮዋን ነበር የሚያዩት። ዋጠችው።

ደጁ ጨለም አለ።

«የኔታ፣ ራስዎን እንዳይመታዎት!» አሉ ጤናዬ።

«ስሰግድ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መጎንበስ ያቅተኛል?» አሉ መሪጌታ እየገቡ። መደቡ ላይ ተቀመጡ። ዳቦው ሲቀርብላቸው ትንሽ አዩት፤ ባረኩት፤ ቆርሰው «ባለቤቷ ትቅደም» ብለው ለጤናዬ ሰጡ። ከዚያ ራሳቸው በሉ። «ተነሡ ቢሏችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ?» ሲሉ ጠየቁ፣ እያላመጡ።

«እሱን እኮ ነው የምለው፣ የኔታ። ለሸክላ የሚሆነው አፈር ያለው እዚያ ወንዙ ዳር ነው። እኛንስ ያነሡናል፤ አፈሩን ምን አድርገው ያነሡታል?»

ለመስማት ሰዉ ወደ በሩ ተጠጋ። ከፊት የቆሙት አቶ ፈንታ ነበሩ።

«ይግቡ፣ ጌታዬ» አሉ ጤናዬ፣ ዳቦ እየቆረሱ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ። ጾም... ጾም ነኝ።»

«በሃምሳው?» አሉ መሪጌታ።

ውጭ አበረ ፈንድቶ ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ፀደንያ አልሳቀችም። ያ ፊት አሁን እንዴት እንደሚነድ ታውቃለች። ጤናዬ አንድ ጊዜ ወደ እሷ አዩና ወደ በሩ ተመለሱ።

«ግድ የለም፣ ገብተው ይጹሙ» አሉ። «መደቡ ሰፊ ነው።»

አቶ ፈንታ ወደ ኋላ ሕዝቡን አዩ፤ ወደ ውስጥ አዩ። አንድ እግራቸው ተነሣ፤ የተወለወለ ጫማቸው ደፉ ላይ አረፈና ቆመ። ፀደንያ ጫማውን ታያለች። ጤናዬ ጠጋ ብለው መደቡ ላይ ቦታ ለቀቁ።