ከአጥሩ ሥር ያለው ነጭ ነገር

የምኖረው ከሮቤ ወደ ሲናና በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ላሞቻችንን ሆራ፣ ጨዋማው ምንጭ ድረስ ነድተን እናጠጣለን። ሆራ ያልወረደች ላም ወተቷ ይቀንሳል።

አሁን ሆራ መውረጃው ላይ ትልቅ እርሻ አለ። ስንዴው በመስኖ በቅሎ ወደ ውጭ አገር ይላካል። የምንጠቀምበትን ወንዝ ከላይ በሞተር ስለሚስቡት ወደ እኛ የሚደርሰው ቀጥኖ ነው። የምንቀዳው ግን ያንኑ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከጎረቤቴ ጋር ላሞቻችንን እየነዳን በእርሻው አጥር ዳር ስናልፍ መሬቱ ላይ ነጭ ነገር ደርቆ አየን። እሷ ከብት ስትጠብቅ ያደገች ናት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች፤ ሆራ የሚፈልግ ሰው ልማዱ ነው።

«ጨው ጨው ይላል። አላህ ሆራውን ደጃችን አመጣልን! ቅመሺ እንጂ።»

«ይቅርብኝ።»

«የተማረ ሰው ፈሪ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

የእሷ ላም ግን አንገቷን ደፍታ ትልስ ጀመር። የእኔን በገመድ ጎትቼ አራቅኋት። ብዙም አልሄድንም፤ የእሷ ላም ተንቀጠቀጠች፣ ሆዷ ተነፋ፣ አረፋ እየደፈቀች ወደቀች። ጩኸታችንን ሰምቶ የእርሻው ዘበኛ መጣ።

«እማማ፣ ከዚያ ላሰች እንዴ? ማዳበሪያ የሚበጠበጥበት እኮ ነው! የተደፋው ነው የደረቀው።»

«እሷም ቀምሳለች» አልኩት። ጎረቤቴን በጣቴ አሳየሁት።

«ቶሎ ይጉመጥመጡ!» አላትና የከብት ሐኪም ሊጠራ ሮጠ።

ክንዷን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድን። በመዳፏ ውሃ ዘግና ወደ አፏ አስጠጋች፤ ከዚያ ቆመች። ዓይኗን ተከትዬ አየሁ። ነጩ ነገር ከአጥሩ ሥር እንደ ቀጭን ቦይ ወርዶ እኛ የቆምንበት ውሃ ውስጥ ይገባል።

ውሃውን ደፋችው። ምላሷን በሻሿ ጫፍ ደጋግማ ጠረገች። ላሟ ከላይ ማቃሰቷን አቁማ ነበር።

«ከቤትሽ ንጹሕ ውሃ አምጪልኝ» አለችኝ በቀስታ።

አልተንቀሳቀስኩም። የቤቴን ጀሪካን የሞላሁት ጠዋት ከዚሁ ወንዝ ነው። ከእሱም ጠጥቼ ነበር የወጣሁት።