ቀኖና በአደባባይ

ባጃጅ ስነዳ በቤተ ክርስቲያን በር ሳልሳለም እንደማልፍ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! እሳቸው ቀኖና ሲሰጡ እጃቸው አያጥርም። "ፍልሰታ እስኪፈታ ድረስ ባለፍክ ቁጥር ወርደህ ሦስት ጊዜ ስገድ" አሉኝ። የፈረስ መጋላ አደባባይ ባጃጅ በዚያ በር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ጀመርኩ። ዳር እንዳልይዝ ዳሩን ሻጮች ዘርግተውበታል። ስለዚህ መሃል መንገድ አቆማለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ግንባሬን አስፋልት አስነካለሁ። ከኋላዬ ጥሩምባው ይቀልጣል። አንድ ቀን ድንች ጭነው የተሳፈሩ ሙስሊም እናት፣ "ማሻአላህ! ዲኑን የያዘ ሰው እንዲህ ነው" አሉ። ቀጥለውም "ግን ልጄ፣ ድንቹ ሳይበቅል ገበያ አድርሰኝ" አሉ። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ሙገሳቸው ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ ተመልካች ሲበዛ ስግደቴም ይረዝም ጀመር።

የአደባባዩ ትራፊክ ፖሊስ ግን አልተደነቀም። እሱም ማተቡ ከኮሌታው በላይ የሚታይ ክርስቲያን ነው። ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ፣ በሦስተኛው መንጃ ፈቃዴን ወሰደ።

"አቦ! መስገድ መች ከለከልኩህ? መሃል መንገድ አትቁም ነው ያልኩህ!"

ያቺ ካርድ ከሌለች እንጀራዬ የለችም። ወደ ንስሐ አባቴ ሮጥኩ፤ መንዳት ስለተከለከልኩ ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው አመጣኋቸው፣ መንገዱን ሙሉ እያጉረመረሙ። ትራፊኩ ገና ሲያያቸው ኮፍያውን አውልቆ መስቀላቸውን ተሳለመ። ለካ የእሱም ንስሐ አባት ናቸው! በልቤ እልል አልኩ።

"ልጄ፣ ፈቃዱን መልስለት" አሉት።

"አልችልም አባ። ለዘመድ ለወዳጅ አደላለሁ ብዬ ስናዘዝ፣ ፍልሰታ እስኪፈታ ማንንም በአማላጅ እንዳትለቅ ብለው ቀኖና የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።"

እሳቸው እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከኋላችን የተሰለፈውን መኪና አዩ። ላብ አጠመቃቸው።

"በሉ፣ ሁለታችሁም ተንበርከኩ!"

ሕግ አስከባሪውና ሕግ ጣሹ ጎን ለጎን መሃል አስፋልት ላይ ተንበረከክን። የሚያሳልፍ ስለጠፋ አደባባዩ በአራቱም አቅጣጫ ተዘጋ። እሳቸው በመስቀላቸው ባርከው ከየቀኖናችን ፈቱን። ትራፊኩ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ፈቃዴን መለሰልኝ። "መሃል መንገድ ካየሁህ ግን ጳጳስ ብታመጣም አልሰማህም" አለኝ።

ንስሐ አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ግን አልጨረስክም። ቤትህ ገብተህ፣ በርህን ዘግተህ፣ ማንም ሳያይህ ስገድ። በቀን ሦስት ብቻ።"

ሦስት ብቻ! በደስታ እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ። በሬን ዘጋሁና አንድ ሰገድኩ። ለሁለተኛው ስዘጋጅ ጉልበቴን አመመኝ። አደባባይ ላይ አንድም ቀን አሞኝ የማያውቅ ጉልበት ነው።