ጥያቄው ስለ መሬቱ ነበር

የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ ቤት ለመግዛት ከባንክ ሊበደር እንደሆነና ዋስ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ደመወዙን፣ የሥራውን ሁኔታ፣ ቤቱ ያለበትን ሰፈር አንድ በአንድ አስረዳኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰው አያታልልም። እሱ ሲናገር ግን እኔ የማስበው ታች ጋይንትን ነበር፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን።

የእናቴ ወንድም ደምሌ በሬዎቹ በአንድ ክረምት በበሽታ አለቁበት። በሬ የሌለው ገበሬ የሰው በሬ ሲለምን ወራቱ ያልፍበታል፤ ተራው ለራሱ ማሳ ሲደርስ መሬቱ ደርቋል። ስለዚህ ደምሌ ከወንዙ ዳር ያለችውን ርስቱን ለአንድ የአርብ ገበያ ግራዝማች በወለድ አገድ ሊያስይዝ ተስማማ። ወለድ አገድ ማለት አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን አርሶ ይበላል ማለት ነው። ወለዱ እህሉ ነው።

ነገሩ ያለቀው አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ነበር። ወሩ መስከረም ነው። ሣሩ ገና እርጥብ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የባቄላ ቆሎ ይቆረጥማሉ። እኔ ከአባቴ ጀርባ ቆሜአለሁ።

«ዋስ ጥራ» አሉት ግራዝማች።

«ዋሴ እህቴን ያገባው ነው» አለ ደምሌ፣ ወደ አባቴ እያመለከተ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«መሬቱ ከእጄ ቢወጣ በምን ትክሰኛለህ?»

አባቴ ሳቀ። «ደምሌ የት ይሄድብኛል ብለው ነው? ከዚህ ቀዬ ወጥቶ ወገዳ እንኳ አድሮ አያውቅም! ሚስቱስ መች ትለቀዋለች!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ደምሌ ራሱም ሳቀ። ግራዝማች አልሳቁም።

«በምን?» አሉ ደግመው።

«ከደጄ ባለው ማሳ! ንጉሥ ይሙት!»

ያ ማሳ ለእኔ የታሰበ ነበር። ለከርሞ ጥር ልዳር ነው፤ የልጅቱ ቤተሰቦች ማሳውን አይተው ነው እሺ ያሉት። አባቴ ወደ ኋላ ዞሮ አላየኝም። ሽማግሌ በተቀመጠበት ልጅ አይጠየቅም፤ ሳይጠየቅም አይናገርም።

ኋላ በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ባለሥልጣን ጠይቄአለሁ፤ ያን እሑድ ደጋግሜ አስታውሼዋለሁ። ጥያቄው ስለ መሬቱ ነበር፤ አባቴ የመለሰው ስለ ሰውየው ነው። ለዘመድ ዋስ የሚሆን ሰው የሚመረምረው የዘመዱን ልብ ነው። ይሸሻል ወይስ አይሸሽም? ሌላው አይታየውም።

ደምሌ አልሸሸም። የሄደችው መሬቷ ናት። ዓመት ሳይሞላ አንዲት ወይዘሮ ከስማዳ በበቅሎ መጡ። ያን ርስት መጀመሪያ ካቀኑት አባት በእናታቸው በኩል እንደሚወለዱ በሽማግሌ ፊት ቆጠሩ። ርስት ደግሞ የተወላጅ ሁሉ ነው፤ ወንድ ሴት፣ ቅርብ ሩቅ አይልም። ይህን አባቴም ያውቃል፣ ግራዝማችም ያውቃሉ፤ በዚያ እሑድ ያሰቡበት ግን ግራዝማች ብቻ ናቸው። ሙግቱ ሲያልቅ ለወይዘሮዋ የደረሰቻቸው ያችው የወንዝ ዳር ማሳ ሆነች።

ግራዝማች ኅዳር ላይ ቤታችን መጡ። እናቴ የመጡበትን ስለማታውቅ የገብስ እንጀራ በሽሮ አቅርባ ብሉልኝ ትላለች።

«ቃልህን ልይዝ ነው የመጣሁ» አሉት አባቴን።

«ይያዙ» አለ።

እናቴ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። «የምን ቃል?» አለች። አባቴ አቀርቅሮ ነገራት።

«የልጄን መሬት? ለደምሌ? ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ወንድምሽ ነው ብዬ ነዋ!»

«ወንድሜ ስለሆነማ ነው ተው የምልህ የነበረው!»

የልጅቱ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ጋብቻውን በጨዋ ቃል አፈረሱት። አልፈረድኩባቸውም። በተከታዩ ክረምት ያንኑ ማሳ ለግራዝማች በእኩል አረስኩ። ገብሱ አምሮ ነበር። የእሳቸውን ድርሻ በአህያ ጭኜ አርብ ገበያ አደረስኩና፣ በሳምንቱ ንፋስ መውጫ ወጥቼ፣ ብርዱ ጆሮዬን እየገረፈኝ፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ደምሌ ብሩን ለመመለስ ዕድሜውን ሙሉ ታገለ፤ አልሆነለትም። አባቴና እሱ በየበዓሉ አብረው መብላታቸውን አልተዉም፤ ስለ ማሳው ግን ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ትናንት ልጆቼን ምሳ ጠራኋቸው። የባንኩን ውል አስረዳኋቸው። የአክስታቸው ልጅ ቢታመም፣ ከሥራ ቢወጣ፣ ቢሞት፣ ባንኩ የሚመጣው እኛ ወደተቀመጥንበት ቤት እንደሆነ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ድረስ ማንም አላቋረጠኝም። ከዚያ ትልቋ ልጄ ሳህኗን ገፋ አደረገች።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ሲጠይቅህ ምን አልከው?»

«እሺ አልኩት።»

«ታዲያ አሁን እኛን የምትጠይቀን ምኑን ነው?»

 ዘመድ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲለምን እሺ የሚለው ቃል ከሰው አፍ እንዴት ቀድሞ እንደሚወጣ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን አላስቆመኝም። ደከመኝ እንጂ አልገረመኝም።

ሰኞ እፈርማለሁ። ትልቋ ልጄ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ ልትሄድ ነው፤ ውሉን ከመፈረሜ በፊት ራሷ ታነበዋለች።