ለአፈሩ የተዘራ ባቄላ

ነፍሳቸውን ይማርልኝና፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ፣ ቢቸና ካለው ቤታቸው ጓሮ፣ በየክረምቱ ባቄላ ይዘሩ ነበር፤ ሊበሉት ግን አይደለም። ልክ ሲያብብ በማጭድ ይቆርጡና እርጥቡን ከአፈሩ ጋር ይገለብጡታል። በበጋ ጎመኑም ሽንኩርቱም እዚያው ላይ ነው የሚተከለው።

እኔ ደግሞ እግሬ አያርፍም፤ ከሞጣ ተነሥቼ የምደርሰው ሁሌ አበባው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ መስመር እንኳ ይተዉልኝ፤ እሸት ልብላበት» እላለሁ።

«ስንት ዓመት ያበላን መሬት ነው፤ አንድ ጊዜ እሱም ይብላ እንጂ። አንቺ እሸትሽን ከገበያ ፈልጊ» ይሉኛል እየሳቁ።

በመጨረሻው ክረምታቸውም ሐምሌ መግቢያ ላይ ዘሩት፤ ነሐሴ ላይ ዐረፉ። ለአርባቸው ስሄድ ባቄላው አብቧል። ማጭዱን ሳነሣ ልጃቸው እጄን ያዘችኝ።

«እቴቴ፣ አይቁረጡት። አባባ በእጃቸው የዘሩት የመጨረሻው ነው፤ ግድ የለም፣ ያፍራ» አለችና አለቀሰች።

እኔም ማጭዱን አስቀምጬ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ልቤ ከሷ ጋር ነበር።

«እንግዲያ እንተወዋ፣ ልጄ» አልኳት፤ «እሸቱንም እንበላዋለን። የሚከለክለን እኮ የለም።»

መሞታቸው የገባኝ ይህን ስናገር ነው፤ እሷም ገብቷት ማጭዱን አቀበለችኝ። ተነሥተን እያለቀስን፣ እንደ እሳቸው ለአፈሩ፣ እስከ ዳሩ ድረስ አጨድነው።