የአባቴ አዲሶቹ ደንበኞች

አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ፀጉር ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔም ሙያውን የለመድኩት እዚያው ፀጉር ቤት፣ ከጎናቸው ቆሜ ነው። የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ወዲህ ግን አንዱን ደንበኛ ግማሽ ፀጉሩን ብቻ ቆርጠው “ጨርሻለሁ፣ ተነሳ” አሉት። የሌላውን ጆሮ ቧጨሩት። ሰው ሲሸሸን መቀሱን ደበቅኩባቸው። እሳቸውም ከዚያች ቀን ጀምሮ ምግብ እምቢ አሉ። አምስት ቀን ሙሉ ውሃ ብቻ።

እህቴ በስልክ “ቀስ ብለህ አባብላቸው” ትለኛለች። እሰይ! ስልክ የሚያጎርስ ቢሆን አባባ ይሄኔ ከውፍረታቸው የተነሳ በበር አይገቡም ነበር።

የአባባ ሐኪም ደግሞ ወደ አስታማሚዎች ስብሰባ ላከኝ። ወይ ጉድ! አሥር ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጦ “ስሜታችንን እንካፈል” ይላል። ስሜት እንደ ዳቦ ይቆረሳል እንዴ? ሰብሳቢው እናቱን የሚያስታምም ወፍራም የታክሲ ሹፌር ነው፤ ፀጉሩ ላይ የፈሰሰው ቅባት ለመኪናው ይበቃል።

“ወንድሜ፣ አንተስ ምን ይሰማሃል?” አለኝ።

“አባቴ በረሃብ ሊሞቱብኝ ነው! መቀሳቸውን ካላገኙ አይበሉም። ብሰጣቸውስ የማንን ጭንቅላት ይቁረጡ? የእናንተን?” ብዬ በሩን ጓ አድርጌ ወጣሁ።

በማግስቱ ሹፌሩ ፀጉር ቤታችን ከች አለ። “አባባ፣ ያስተካክሉኛል?” ብሎ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

“አበድክ እንዴ?” አልኩት በሹክሹክታ።

“ፀጉር ነው፣ ይበቅላል። አንተ ጆሮዬን ጠብቅልኝ።”

ምን አማራጭ አለኝ? መቀሱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አባባ ፎጣውን አራግፈው አንገቱ ላይ አሰሩለትና ጀመሩ። አይ ሥራ! እዚህ ጋ ራሰ በራ፣ እዚያ ጋ ጫካ። እኔ የሰውዬውን ጆሮዎች በመዳፎቼ ሸፍኜ እንደ ጅል ቆሜያለሁ። ሹፌሩ መስተዋቱን አየና ምራቁን ዋጥ አድርጎ “እጅዎ ይባረክ” አለ።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። “ምሳ የለም እንዴ? ሰው እየሠራ በባዶ ሆዱ ይዋል?” አሉኝ።

በሩጫ አመጣሁላቸው። ሳህኑን ጠራርገው በሉ።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱን ስከፍት ከእነዚያ ስሜት ተካፋዮች ውስጥ አራቱ በር ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ። አንደኛው ጭራሽ መላጣ ነው፣ አንዲት ፀጉር የለችውም።

“አንተ ደግሞ ምን ልትቆረጥ መጣህ?” አልኩት።

“እኔን ዝም ብለው አናቴ ላይ መቀሱን ቀጭ ቀጭ ያድርጉልኝ” አለኝ።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ቀደመኝ።