ከበሬዎቹ ቀጥሎ የተጻፉት ሴቶች

አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ለብዙ ዓመት የሠራሁት ሆም ኬር ነው። ሰው ቤት እየሄድኩ አቅመ ደካሞችን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። የብዙዎቹን መልክ ዛሬ አላስታውሰውም። አንዲቱን ግን አልረሳኋቸውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው። ባላቸው ሞቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ዘመዴ የሚሉት ቴክሳስ ያለውን የወንድማቸውን ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም የሚደውለው ለገና ነው። ዓይናቸውን ግላኮማ አድክሞታል፤ ፊታቸው የቆመ ሰው ጥላው እንጂ መልኩ አይታያቸውም። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ቁርሳቸውን አብልቼ ሳህን ሳጥብ፣

«ማንበብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

ቅር አለኝ። ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት። «እችላለሁ» አልኩ።

«የእጅ ጽሑፍስ? የድሮ የእጅ ጽሑፍ?»

እሱን ሞክሬው አላውቅም። ከቁም ሣጥናቸው አንድ ሻንጣ አስወጡኝ። ውስጡ ወረቀት ብቻ ነው፤ ዓይናቸው ሳይደክም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰበሰቡት። ከእናታቸው ወደ እናታቸው እናት፣ ከዚያም ወደ እሷ እናት እያሉ ወደ ኋላ ሄደዋል። ባርነት እስከቀረበት ጊዜ ድረስ መንገዱ ደህና ነው፤ የሕዝብ ቆጠራው የሰው ስም አለው። ከዚያ ወዲያ ግን የባሪያ ስም ከተገኘም የሚገኘው በጌታው ደብተር ውስጥ ነው። የእሳቸው ሰዎች ጌታ የነበረው ቤተሰብ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ በታች ወንዙ ዳር የትምባሆ እርሻ ነበረው፤ አገሩን የእንግሊዝ ንጉሥ ይገዛ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ። ደብተሮቹ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ የድሮ ወረቀት የሚያስነብቡበት ቤት ተቀምጠዋል።

«አንዲት ሴት ቀርታኛለች፤ ከስሟ በቀር አላውቅም» አሉኝ። «በመርከብ የመጣችው ወይ እሷ ናት፣ ወይ እናቷ። እሷን ካገኘሁ ከዚያ በላይ አልፈልግም።»

ኤጀንሲው ሐኪም ቤት እንዳመላልሳቸው ይፈቅዳል እንጂ ድልድይ አሻግሬ ሌላ ስቴት፣ ቨርጂኒያ እንድወስዳቸው አይፈቅድም። ቢሆንም ሐሙስ ሐሙስ የሐኪም አፖይንትመንት አለ ብለን መውጣት ጀመርን። መኪናዬ ውስጥ ቀበቷቸውን አስሬላቸው ቤልትዌዩን፣ ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ እንይዛለን። መንገዱን ሳያዩ ያውቁታል። «አሁን ድልድዩ ላይ ወጣን» ይሉኛል፤ ከጎማው ድምፅ ነው የሚያውቁት።

መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። የድሮው «ኤስ» ፊደል «ኤፍ» ይመስላል፤ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ጸሐፊው ቃሉን አጋምሶ ይተወዋል። ቀስ እያልኩ ለመድኩት። ሌሎቹን አንባቢዎች እንዳንረብሽ ወንበሬን አስጠግቼ በጆሯቸው አነብላቸዋለሁ።

አንድ ሐሙስ የእርሻው ጌታ በሞተ ጊዜ የተጻፈው የንብረት ዝርዝር መጣልን።

«ሦስት ማረሻ» ብዬ ጀመርኩ። «አንድ የተሰበረ ጋሪ። አንድ አሮጌ ፈረስ። ስድስት በሬ።» ቀጣዩን መስመር አስቀድሜ በዓይኔ አየሁት።

«ቀጥዪ።»

«አንዲት ሴት፣ አሮጊት። አንዲት ሴት፣ እግሯ የተጎዳ። አንዲት ሴት ልጅ።»

«ዋጋውን ለምን ዘለልሽው?»

አያውቁብኝም ብዬ ነበር። «የበሬዎቹንም አላነበብኩም» አልኩ።

«የበሬዎቹን ተዪው። የሴቶቹን አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። በአሮጊቷ ትይዩ ቁጥር የለም፤ «ምንም» ተብሎ ነው የተጻፈው። እጃቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉ፤ ከዚያ መንካት ክልክል መሆኑ ትዝ አላቸው መሰለኝ መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን፣ «አንቺስ?» አሉኝ። «ያንቺን ሰዎች እስከ የት ታውቂያለሽ?»

የአባቴን አባቶች እስከ ሰባት ቆጠርኩላቸው። እኛ ቤት ልጅ አፉን ሲፈታ የሚማረው ነው፤ ሳልተነፍስ ነው የምወጣው። ደግሚልኝ አሉ፤ ደገምኩ።

«ያለ ወረቀት?»

«ያለ ወረቀት።»

«የታደልሽ ነሽ» አሉ። «ያንቺን ሰዎች ማንም አልበተናቸውም።»

አዎ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር። ያን ቀን ዊተን ያለው ቤቴ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነው።

ክረምቱ ገብቶ በረዶ ሲጀምር ኑዛዜው ተገኘ። የዚያው ጌታ ኑዛዜ ነው፤ ሰውየው ባሮቹን ለልጆቹ በስም በስም አከፋፍሏል። እሳቸው የሚፈልጓት ሴት ስም እዚያ ውስጥ አለ። ስነግራቸው ክርኔን ጨብጠው ያዙኝ። ግን ስሙ ሦስት ቦታ ነው ያለው። አንዷ አሮጊት ናት፣ ለታላቁ ልጅ። አንዷ የወንዝ ዳሩ ማሳ ላይ ያለች፣ ለታናሹ። ሦስተኛዋ ሕፃን ናት። ስለ እሷ የተጻፈውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ለልጄ ለሰርጓ ይህችን ልጅ ሰጥቻለሁ፤ እሷንም፣ ከሷ የሚወለዱትንም ሁሉ፣ ለዘለዓለም።»

መዝገብ ቤቱ ውስጥ የሚሠራውን ወጣት ሻል ያለ ነገር እንዳለ ጠየቅነው። ትሑት ልጅ ነው፤ ሁለት ሳምንት ፈልጎልን መጣ። ከኑዛዜው በኋላ ያለው ደብተር የለም፤ ውኃ ገብቶበት ከጠፋ ቆይቷል። ሦስቱን ለይቶ የሚያሳይ ሌላ ወረቀት የትም አይገኝም። «በጣም አዝናለሁ» አለ። እሳቸውም አመሰገኑት። መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቷቸውን አሰርኩላቸው።

«ሕፃኗ ናት» አሉ ከዚያ። «የኔዋ እሷ ናት። አውቃለሁ።»

ማወቅ እንደማይችሉ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ሐሳብ ነው። ያንን «ለልጄ ለሰርጓ» የሚለውን ሳነብ ሌላ ቤት ነው የታየኝ።

ወሎ፣ የአያቴ ቤት አንዲት ሴት ነበረች። አባቴን ጡት ያጠባችው፣ እኔን ያዘለችኝ እሷ ናት። ትንሽ ልጅ ሆና ነጋዴዎች ከሩቅ አምጥተዋት የአያቴ አባት ነው የገዛት። ባርነት ቀርቷል ከተባለ በኋላም መሄጃ ስላልነበራት እዚያው ቀረች። የምትተኛው ማድቤት ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ሞተች። ልጅ እንደነበራትና ልጅቷ ከታላቋ አክስቴ ጋር፣ አክስቴ ሲዳሩ እንደሄደች፣ ሴቶቹ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

አክስቴ ያኔ በሕይወት ነበሩ፤ ደሴ ነው የሚኖሩት፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። ረመዳን ነበር። ከሰላምታው በኋላ፣

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ።

«ጠይቂኝ የኔ ልጅ።»

«ያቺ አባቴን ያሳደገችው ሴት፣ ከርስዎ ጋር የሄደች ልጅ ነበረቻት አይደል?»

«ማን ነገረሽ?» አሉ።

«ልጅ ሆኜ ሰምቼ ነው። ስሟን ማወቅ ፈልጌ ነበር።»

«ስሟን እኔው ነኝ ያወጣሁላት። እሱንም ረስቼዋለሁ።»

«የት ደረሰች?»

«ሁለት ክረምት እኔ ዘንድ ቆየች። ከዚያ ባሌ ለአንድ ነጋዴ ሰጣት። በአውሳ በኩል ወደ ባሕር ነው የወሰዳት።»

«ሰጣት?»

«ሰጣት አልኩሽ እኮ!»

«እናቷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ያን ጊዜ አባትሽን ታጠባ ነበር።» ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «በይ በቃሽ። ጾመኛ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አታናግሪኝ። ልጆችሽ ደህና ናቸው?»

ደህና ናቸው አልኩ።

ለአስተማሪዋ ለመንገር ብዙ ሳምንት ፈጀብኝ። ባልነግራቸው ማንም አያስገድደኝም ነበር። ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ያንን ኑዛዜ ደግሜ አንብቢልኝ ይሉኛል፤ አንብቤ ስጨርስ እጄን ይዘው «አንቺ ትረጂኛለሽ» ይላሉ። እሱን አልቻልኩትም። እንዲያውም ይህን ያህል ሰው ጠፍቶባቸው የሚያውቁ ሴት ከማንም ይልቅ ይረዱኛል፣ ምናልባትም ይቅር ይሉኛል ብዬ አስቤ ነበር። ይቅር የማለቱ ሥልጣን የሳቸው መስሎኝ።

ምሳቸውን አቅርቤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው፤ ምንም አላስቀረሁም። ሴትየዋን፣ ልጅቷን፣ አክስቴ በስልክ ያሉትን። እሳቸው ማንኪያውን ይዘው ይሰሙኛል።

«ስሟ ማን ነበር?» አሉኝ ስጨርስ። «የእናትየዋ።»

እኛ ቤት የምትጠራበትን ነገርኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ። ስሙ የገዛትን ሰው ደስታ እንጂ የእሷን ነገር የሚናገር አልነበረም፤ ሳልሸሽግ ተረጎምኩት።

«ይሄ ስም አይደለም። እናቷ ያወጣችላትስ?»

«አላውቅም።»

«የመጣችበትስ አገር?»

«ከጅማ ወዲያ ይሉ ነበር።»

«ይሉ ነበር» ብለው ደገሙት። አነጋገራቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ሾርባውን ፍሪጅ ውስጥ ክተቺውና ዛሬ በጊዜ ሂጂ። ደክሞኛል።»

«ሚስ፣ ላስተኛዎትና ልሂድ?»

«ራሴ እተኛለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ኤጀንሲው ኮል አደረገኝ። የምታናግረኝ ልጅ ግራ ገብቷታል። «ሌላ ሰው ይላክልኝ ብለዋል። ቅሬታ የለኝም፣ ጥሩ ሠራተኛ ናት ነው የሚሉት። ምን ተፈጥሮ ነው?»

«ምንም» አልኳት። አስፐን ሂል ሌላ ኬዝ ሰጠችኝ፤ ስትሮክ የመታቸው ሽማግሌ።

አንድ ጊዜ ደብዳቤ ልጽፍላቸው ተቀምጬ ነበር። ማን ሊያነብላቸው ነው? በኔ ቦታ የተላከችው ልጅ ናት። ቀደድኩት። ሕንፃውን በመኪና ሳልፍ ወደ ስምንተኛው ፎቅ ቀና እላለሁ፤ አልወጣሁም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቼ በር ላይ የሚቀመጠውን ዘበኛ ዊተን ገበያ ውስጥ አገኘሁት። ሞተዋል አለኝ፤ ወራት ሆኖታል። የወንድማቸው ልጅ ከቴክሳስ መጥቶ ቤቱን በአንድ ቀን ባዶ አድርጎት ሄደ። ስለ ወረቀቶቹ ዘበኛውን ጠየቅኩት፤ ትከሻውን ነቀነቀ። ያቺን ሴት የሚፈልግ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ከሳቸው ጋር ፍለጋውም አበቃ።

አክስቴም ጥቂት ቆይተው ሞቱ። ለለቅሶ አገር ቤት ስሄድ ዕድሜ የጠገቡትን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ልጅቷን የሚያስታውስ የለም። እናትየዋን የሚያስታውሱ ጥቂት ናቸው፤ «ደግ ነበረች»፣ «ሥራ ትችል ነበር» ይላሉ፣ ሌላ የላቸውም። መቃብሯን አሳዩኝ አልኩ። የአጎቴ ልጅ ወሰደኝ። የኛ ሰዎች የተቀበሩበት ታጥሯል፤ እሷ ከአጥሩ ውጪ ነበረች፣ መንገዱ ሲሰፋ ያ ወገን ተደልድሎ አስፋልት ሆኗል። ሚኒባሶች ቆመው ሰው ይጭናሉ። የአጎቴ ልጅ «እዚህ ጋ ይመስለኛል» አለ፣ ከዚያ ጥቂት ራመድ ብሎ «ወይም እዚህ»። ዱዓ ላደርግ እጄን ዘረጋሁ፤ አንዱ ሾፌር ጥሩንባ ነፋብን፣ መንገድ ልቀቁ አለን። ለቀቅን።